በቤት ውስጥ የሚታተም ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ፤ የሚበላሽበት ምክንያትና የሚታረምበት መንገድ

ቀድሞ ጨለማ ክፍል፣ የመድኃኒት ገንዳና የሠለጠነ እጅ ይጠይቅ የነበረው የፎቶግራፍ ኅትመት ዛሬ በአንድ ኮምፒዩተርና ኢንክጄት በሚባለው ቀለም ረጪ ማተሚያ በመኖሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚፈጸም ሥራ ሆኗል። በዚህም ምክንያት ማተሚያውን፣ የማተሚያ ቀለሙንና የፎቶግራፍ ወረቀቱን ከውጭ አገር የሚያስመጡና በችርቻሮ የሚሸጡ ነጋዴዎች አዲስ የንግድ መስክ አግኝተዋል።

ነገር ግን ይህ መስክ ጥቅም ብቻ ሳይሆን ክርክርም ይዞ መጥቷል። ደንበኛው የገዛውን ዕቃ ተሸክሞ ወደ ሱቁ ይመለስና «ፎቶግራፉ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ»፣ «ጥቁሩ ደብዝዞ አመድ መሰለ»፣ «ፊቱ ሁሉ ጨለመ» ሲል አቤቱታውን ያሰማል። ባለሱቁ የነገሩን ምክንያት ያላወቀ እንደ ሆነ ምርጫው ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ጉድለት የሌለበትን ዕቃ መልሶ ይከስራል፣ ወይም አልመልስም ብሎ ደንበኛውን ያጣል። ለጥቁርና ነጭ ኅትመት የሚመጣው ሥዕል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ተራ ሥዕል አይደለም። የአባት ወይም የአያት ብቸኛ መታሰቢያ፣ ከአንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ተቀድቶ ለቤተሰብ ሁሉ የሚታደል ሥዕል ነው። የዚህ ዓይነቱ ሥራ ሲበላሽ የሚጠፋው የወረቀትና የቀለም ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የደንበኛውም እምነት አብሮ ይጠፋል።

እንግዲህ ሊታወቅ የሚገባው ዋና ነገር ይህ ነው። በጥቁርና ነጭ ኅትመት ላይ ከሚታዩት ጉድለቶች አብዛኛዎቹ ከማተሚያው ብልሽት የሚመጡ አይደሉም። የሚመጡት ስክሪኑ፣ መብራቱ፣ ወረቀቱ፣ የማተሚያ ቀለሙና ለማተሚያው የተሰጠው ትእዛዝ እርስ በርስ ባለመስማማታቸው ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንደሚባለው ምክንያቱን በቅደም ተከተል የሚመረምር ሰው ጥቂት ሉሆች ብቻ አትሞ እውነቱን ይደርስበታል። ቅደም ተከተሉን ያልያዘ ግን ወረቀቱን በሙሉ ጨርሶም ላይደርስበት ይችላል።

ጥቁርና ነጭ ከባለ ኅብሩ ይልቅ ስለሚያስቸግርበት ምክንያት

ብዙ ሰው ጥቁርና ነጭ ሥዕል ማተም ባለ ኅብር ሥዕል ከማተም የቀለለ ይመስለዋል። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በአበባ ወይም በልብስ ሥዕል ላይ ቀዩ ትንሽ ቢያይል ተመልካቹ ሳያስተውለው ያልፋል። ግራጫ መሆን የሚገባው ነገር ጥቂት ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሐምራዊ ቢያዘነብል ግን ዐይን ወዲያውኑ ይይዘዋል።

የተለመዱት ባለ 4 ቀለም ማተሚያዎች ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊና ቢጫ ቀለም ይይዛሉ። ግራጫውን የሚያወጡት ኅብር ያላቸውን ሦስት ቀለማት በጥቃቅን ነጠብጣብ እያቀላቀሉ ነው። ይልቁንም ከእነዚህ ማተሚያዎች በርካታዎቹ በሚያብረቀርቅ የፎቶግራፍ ወረቀት ላይ ሲያትሙ ጥቁሩን ቀለም ከነጭራሹ አይጠቀሙበትም፤ ጥቁር መስሎ የሚታየውም የሦስቱ ቀለማት ድብልቅ ነው። ከሦስቱ አንዱ ጥቂት ያነሰ ወይም የበዛ እንደ ሆነ ግራጫው ሁሉ መልኩን ይለውጣል።

የማተሚያ ሠሪዎች ይህን ችግር የተረዱት ቀደም ብለው ነው። ኤፕሰን የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2005 እ.ኤ.አ. ሦስት ዓይነት ጥቁር፣ ይኸውም ጥቁር፣ ቀለል ያለ ጥቁርና እጅግ ቀለል ያለ ጥቁር በአንድነት የሚጠቀም ማተሚያ ለገበያ አቅርቧል። ከዚያም ጋር ለጥቁርና ነጭ ሥራ ብቻ የተዘጋጀ የማተሚያ ትእዛዝ ጨምሯል። በዚህ ዓይነቱ ማተሚያ ግራጫው በአብዛኛው ከጥቁሮቹ ስለሚወጣ ኅብር ያላቸው ቀለማት የሚገቡት መልኩን በጥቂቱ ለማቅናት ያህል ነው። በልዩ ልዩ ኩባንያዎች የሚሠሩት የዛሬዎቹ ከፍተኛ የፎቶግራፍ ማተሚያዎችም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። ስለዚህ ገዢው በዋናነት ጥቁርና ነጭ ለማተም የሚፈልግ እንደ ሆነ ሻጩ አስቀድሞ ሊነግረው የሚገባው የመጀመሪያው ቁም ነገር ይህ ልዩነት ነው።

የመጀመሪያው ሥራ፤ የደረጃ መለኪያ ማተም

ጉድለት በታየ ጊዜ ያንኑ ፎቶግራፍ ደጋግሞ ማተም ምንም አያስተምርም፤ ጥፋቱ የሥዕሉ ይሁን የማተሚያው አይለይምና። መልካሙ ዘዴ ከነጭ እስከ ጥቁር በ21 ደረጃ የተከፈለ መለኪያ በአንድ ትንሽ ወረቀት ላይ ማተም ነው። የመጀመሪያው ሳጥን 0፣ የመጨረሻው 100 ሆኖ በመካከሉ ያለው እያንዳንዱ ደረጃ በ5 ይበልጣል። መለኪያው በማናቸውም የሥዕል ማረሚያ ፕሮግራም ሊዘጋጅ ይችላል።

የታተመው መለኪያ ከደረቀ በኋላ ሲመረመር እንደሚከተለው ይነበባል። ደረጃዎቹ ሁሉ ተለያይተውና ተስተካክለው የሚታዩ ሆነው ፎቶግራፉ ብቻ የጨለመ እንደ ሆነ ማተሚያው ደኅና ነው፤ ጥፋቱ በሥዕሉ ወይም በስክሪኑ ላይ ይፈለጋል። ከ80 በላይ ያሉት ደረጃዎች ተደባልቀው አንድ ጥቁር ከሆኑ ወረቀቱ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ቀለም ተረጭቶበታል። 100 የተባለው ደረጃ ጥቁር ሳይሆን ጥቁር ግራጫ ከሆነ ወረቀቱና የጥቁሩ ቀለም ዓይነት አልተስማሙም። በአንዳንዱ ደረጃ ላይ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ መልክ ከታየ የቀለማቱ ድብልቅ ተዛብቷል። በደረጃዎቹ ላይ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ካለፉ የማተሚያው ቀዳዳዎች ተደፍነዋል።

ይህ አንድ ትንሽ ወረቀት ነጋዴውንም ደንበኛውንም ከብዙ ክርክር ያድናል። አስተዋይ ባለሱቅ በሱቁ ውስጥ በሚያሳየው ማተሚያ መለኪያውን በልዩ ልዩ ወረቀት ላይ አትሞ በግድግዳ ላይ ቢሰቅለው ለገበያውም ለማስተማሪያውም ይጠቅመዋል።

ሥዕሉ በሙሉ ሲጨልም

ከአቤቱታዎች ሁሉ የሚበዛው «በስክሪኑ ላይ ያማረው ሥዕል በወረቀት ላይ ጨለመ» የሚለው ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስክሪን ራሱ ብርሃን ይሰጣል፤ ወረቀት ግን የወደቀበትን ብርሃን መልሶ ከማሳየት በቀር የራሱ ብርሃን የለውም። ከፋብሪካ የሚወጡ ስክሪኖች በሱቅ ውስጥ ደምቀው እንዲታዩ ሲባል ብርሃናቸው ብዙ ጊዜ ከ250 ካንዴላ በካሬ ሜትር በላይ ሆኖ ይመጣል። ለኅትመት ሥራ የሚመከረው ግን ከ80 እስከ 120 ያለው ነው። ከመጠን በላይ በደመቀ ስክሪን ፊት የተቀመጠ ሰው ሥዕሉ የበራ እየመሰለው ያጨልመዋል፤ ያጨለመውም ነገር በወረቀቱ ላይ ይታያል።

መለኪያ መሣሪያ ያለው ሰው ስክሪኑን በመሣሪያው ያስተካክል። መሣሪያ የሌለው ግን አንድ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ አጠገብ ይያዝና በስክሪኑ ላይ ባዶ ነጭ ገጽ ይክፈት። ከዚያም የስክሪኑ ነጭ ከወረቀቱ ነጭ ጋር እስኪመሳሰል ድረስ ብርሃኑን ይቀንስ። ይህ ምንም ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ከብዙዎች ጨለማ ኅትመቶች ያድናል።

መታረም የሚገባው ሥዕሉ ራሱ ከሆነ ደግሞ መካከለኛውን ግራጫ ከፍ ማድረግ እንጂ ነጩን መንካት አያሻም። ከ0 እስከ 255 በሚቆጠረው የኮምፒዩተር ልክ የመካከለኛው ግራጫ ስፍራ በተለመደው አሠራር 118 ወይም 119 ያህል ነው። በጥላ ያለ ፊት ከዚህ እጅግ ዝቅ ብሎ የተገኘ እንደ ሆነ በወረቀት ላይ መጨለሙ አይቀርም።

ጥቁሩ ሲደበዝዝ ወይም ጥላው ሲደፈን

የወረቀት ዓይነት የጥቁርን ጥልቀት ይወስናል። በማያብረቀርቅ ወረቀት ላይ የሚገኘው ጥልቅ ጥቁር ከወደቀበት ብርሃን ከመቶ 2 እጅ ተኩል ያህሉን መልሶ ያሳያል። መልካም በሆነ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ግን የሚመለሰው ከመቶ 1 እጅ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የማያብረቀርቀው ወረቀት ጥቁር በአጠገቡ ካለው ጋር ሲነጻጸር መደብዘዙ የተፈጥሮ ጠባዩ እንጂ ጉድለት አይደለም። ለፊት ሥዕልና ለለሰለሰ ብርሃን ይስማማል፤ ጥልቅ ጥቁር የሚፈልግ ደንበኛ ግን የሚያብረቀርቀውን ይግዛ።

ከዚህ ውጪ ያለው መደብዘዝ ጉድለት ነው፤ ምክንያቱም ከሦስቱ አንዱ ነው። አንደኛው የጥቁሩ ቀለም ዓይነት ነው። በከፍተኛ ማተሚያዎች ላይ ለማያብረቀርቅ ወረቀት አንድ፣ ለሚያብረቀርቅ ወረቀት ሌላ ጥቁር ቀለም አለ። ለሚያብረቀርቅ የተሠራው በማያብረቀርቅ ላይ ሲታተም ደብዛዛ ይሆናል፤ ለማያብረቀርቅ የተሠራው በሚያብረቀርቅ ላይ ሲታተም ደግሞ ሳይያዝ ቀርቶ በጣት ሲነካ ይለቃል። ሁለተኛው የወረቀቱ ገጽ ነው። አብዛኛው የፎቶግራፍ ወረቀት ቀለም የሚይዝ ልባስ ያለው በአንድ ወገን ብቻ ሲሆን በተሳሳተው ወገን የታተመ ሥዕል ይፈዛል፣ ይንጠባጠባል። በጥቂቱ በረጠበ ጣት የወረቀቱ ጥግ ሲነካ የሚያጣብቀው ወገን ትክክለኛው ነው።

ሦስተኛው በማተሚያው ትእዛዝ ውስጥ የሚመረጠው የወረቀት ዓይነት ነው። ብዙ ሰው ይህን ምርጫ ለስም ያህል የተቀመጠ አድርጎ ያየዋል። ነገር ግን ማተሚያው የሚረጨውን ቀለም ብዛት የሚወስነው በዚህ ምርጫ ነው። የፎቶግራፍ ወረቀት ገብቶ ተራ ወረቀት ተብሎ የታዘዘ እንደ ሆነ ቀለሙ አይመጠንም፤ ጥቁሩ ይሳሳል፣ ደረጃዎቹም ይዛባሉ። ለቀጭን ወረቀት የወፍራም ትእዛዝ የተሰጠ እንደ ሆነ ደግሞ ቀለሙ ይበዛና ጥላው ሁሉ ይደፈናል። ወረቀቱ ሌላ ኩባንያ የሠራው ከሆነ በእሽጉ ላይ የትኛው ምርጫ እንዲወሰድ ተጽፎ ይገኛል፤ ወይም የወረቀቱ ሠሪ ለየማተሚያው ያዘጋጀው ፕሮፋይል የተባለ መግለጫ ፋይል ይኖራል።

ግራጫው መልኩን ሲለውጥ

አረንጓዴ፣ ሐምራዊ ወይም ቡናማ የመሰለ ግራጫ ሲወጣ አስቀድሞ የሚመረመረው ማተሚያው ሳይሆን ሥዕሉ የታየበት መብራት ነው። ከሦስት ቀለማት የተደባለቀ ግራጫ በአንድ መብራት ሥር ንጹሕ ሆኖ ታይቶ በሌላው ሥር ሊለወጥ ይችላል። በገበያ የሚሸጡ አምፖሎች ከ2,700 ኬልቪን ቢጫማ ብርሃን እስከ 6,500 ኬልቪን ሰማያዊ የሚያዘነብል ብርሃን ድረስ ይለያያሉ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው አይኤስኦ 3664 በተባለው ደረጃ መሠረት ኅትመት የሚመረመረው በ5,000 ኬልቪን ብርሃን ሥር ነው። ይህ የሌለው ሰው በቀትር ጊዜ የፀሐይ ጨረር በቀጥታ በማይገባበት መስኮት አጠገብ ቢመለከት ይበቃዋል። ሥዕሉ በመጨረሻ የሚሰቀልበትን ስፍራ መብራት ጠይቆ በዚያው ሥር ማየት ግን ከሁሉ ይበልጣል።

ሁለተኛው ምክንያት አንድ ሥራ በሁለት አዛዥ መታዘዙ ነው። የሥዕል ማረሚያው ፕሮግራም ኅብሩን አስተካክሎ ከላከ በኋላ ማተሚያውም በራሱ ፈቃድ እንደገና ያስተካክለዋል። ሁለት ጊዜ የታረመ ሥዕል መልኩ ይዛባል፤ ብዙውን ጊዜም ወደ ሐምራዊ ያዘነብላል። መፍትሔው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ኃላፊ ማድረግ ነው። በፕሮፋይል የሚታተም ከሆነ የማተሚያው ማረሚያ ይዘጋል፤ ለጥቁርና ነጭ በተዘጋጀው የማተሚያ ትእዛዝ የሚታተም ከሆነ ደግሞ ማረሙ ለማተሚያው ይተዋል።

ሦስተኛው ምክንያት የተለወጠ ቀለም ነው። በዋጋው የረከሰ ሌላ ኩባንያ የሠራው ቀለም መጥፎ ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን መልኩ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ስላልሆነ ለመጀመሪያው የተዘጋጀው ፕሮፋይል አይሠራለትም። ቀለም የለወጠ ሰው ፕሮፋይሉንም ሊለውጥ ይገባዋል። አራተኛው ደግሞ ወረቀቱን ነጭ ለማስመሰል በውስጡ የሚጨመረው አንጸባራቂ መድኃኒት ነው። ይህ መድኃኒት በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ካለው ከማይታየው ጨረር ኃይል ወስዶ ሰማያዊ ብርሃን ስለሚሰጥ ወረቀቱ እጅግ ነጭ ሆኖ ይታያል። ነገር ግን ዘመን ሲቆጥር ኃይሉ ይደክምና ወረቀቱ ወደ ቢጫነት ይመለሳል። ለመታሰቢያ የሚቀመጥ ሥዕል ይህ መድኃኒት በሌለው ወረቀት ላይ መታተሙ ይመረጣል።

በባለ 4 ቀለም ማተሚያ ላይ ይህ ሁሉ ታርሞም መልኩ ያልጠራ እንደ ሆነ በማያብረቀርቅ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም ብቻ ማተም ይቻላል። ኅብር ያለው ቀለም ስለማይገባ አረንጓዴውና ሐምራዊው ይቀራል። በብርሃናማው ክፍል ላይ ነጠብጣቦቹ ጎልተው መታየታቸው ግን የዚህ ዘዴ ዋጋ ነው።

መስመር፣ መሰላልና የነሐስ መልክ

በሥዕሉ ላይ ነጫጭ መስመሮች ሲያልፉ ወይም አንድ ቀለም ፈጽሞ ሲጠፋ ቀዳዳዎቹ መደፈናቸው የታወቀ ነው። በማተሚያው ውስጥ ያለው የቀዳዳ መፈተሻ ታትሞ ይታያል፤ ጉድለት ከተገኘ ማጽጃው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይሠራል። ያለማቋረጥ ማጽዳት ግን ቀለም ከማባከን በቀር አይጠቅምም። እንደ አዲስ አበባ ባሉ ደጋ ከተሞች በበጋው ወራት አየሩ ስለሚደርቅ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ማተሚያ ቀዳዳው ቶሎ ይደፈናል። ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ትንሽ ሥዕል ማተም ከሁሉ የሚሻል ጥበቃ ነው።

በሰማይ ወይም በግድግዳ ሥዕል ላይ ግራጫው ቀስ በቀስ መለወጡን ትቶ እንደ መሰላል ደረጃ የሠራ እንደ ሆነ ጥፋቱ በአብዛኛው የሥዕሉ ፋይል ነው። ባለ 8 ቢት ፋይል 256 የግራጫ ደረጃ ብቻ ይይዛል፤ ባለ 16 ቢት ግን እስከ 65,536 ሊይዝ ይችላል። አሮጌ ፎቶግራፍ ሲቀዳና ሲታረም በ16 ቢት መሥራት፣ እርማቱ ካለቀ በኋላ ብቻ ወደ 8 ቢት ማውረድ ይህን ችግር ያስቀራል።

በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ሥዕሉ ሲዘነበል ጥቁሩ የነሐስ መልክ የሚያሳየው ደግሞ የቀለሙ ቅንጣት በወረቀቱ ገጽ ላይ ስለሚቀመጥ ነው። በመስታወት ውስጥ የሚሰቀል ሥዕል ከሆነ ነገሩ ብዙም አይታይም፤ ካልሆነ ግን በከፊል የሚያብረቀርቅ ወረቀት መምረጥ ይሻላል።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ከላይ የተባለው ሁሉ በሚከተለው ተራ ቢፈጸም ሥራው ይቃለላል።

1ኛ/ የቀዳዳ መፈተሻውን ማተም፤ ጉድለት ካለ አስቀድሞ ማጽዳት።

2ኛ/ የወረቀቱን ትክክለኛ ወገን፣ የጥቁሩን ቀለም ዓይነትና የተመረጠውን የወረቀት ዓይነት መመልከት።

3ኛ/ አራሚው አንድ ብቻ መሆኑን ማረጋገጥ።

4ኛ/ ባለ 21 ደረጃውን መለኪያ አትሞ ማድረቅ፤ በመልካም ብርሃን ሥር ማንበብ።

5ኛ/ መለኪያው ደኅና ከሆነ የስክሪኑን ብርሃን ማስተካከልና ሥዕሉን ማረም።

6ኛ/ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፤ የተለወጠውንም በኅትመቱ ጀርባ በእርሳስ መጻፍ።

የመጨረሻው ትእዛዝ ከሁሉ የሚረሳውና ከሁሉ የሚጠቅመው ነው። ወረቀቱንም፣ ቀለሙንም፣ ትእዛዙንም በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ሥዕሉ ቢያምርለት እንኳ ያሳመረው የትኛው እንደ ሆነ አያውቅምና በሚቀጥለው ቀን እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል።

ለነጋዴው የሚተርፈው ጥቅም

የማተሚያ ቀለምና የፎቶግራፍ ወረቀት በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ዕቃዎች ናቸው። 20 ሉህ ካለው እሽግ ውስጥ 5ቱ ለከንቱ ሙከራ የጠፉ እንደ ሆነ የቀሩት የ15ቱ ሉሆች የአንዱ ዋጋ በሲሶ ይወደዳል። ደንበኛው ይህን ስሌት በወረቀት ላይ ባያሰላው እንኳ በኪሱ ይሰማዋል፤ ሥራው ውድ ነው ብሎም ይተወዋል። ብዙ ወረቀት የሚባክንበት ደንበኛ ለጥቂት ወራት ብዙ ይገዛል፤ ሥራው የሚሳካለት ደንበኛ ግን ለዓመታት ይገዛል።

ስለዚህ አስመጪው ዕቃ ሲያዝ የማተሚያውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ለዚያ ማተሚያ የሚስማማውን ጥቁር ቀለምና ወረቀት በአንድነት ቢያስብ፣ ወረቀቱም የፕሮፋይል አገልግሎት ካለው ሠሪ የተገኘ ቢሆን ይመረጣል። ባለሱቁ ደግሞ ከመሸጡ በፊት ገዢውን ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ማተሚያው የትኛው ነው? ሥዕሉ በመስታወት ውስጥ ይሰቀላል ወይስ በእጅ ይያዛል? የሚታየውስ በምን ዓይነት መብራት ሥር ነው? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ያገኘ ሻጭ የሚሰጠውን ወረቀት ያውቃል።

ዕቃው ተመልሶ የመጣ እንደ ሆነም ባለሱቁ ወደ ክርክር ከመግባቱ በፊት የደረጃ መለኪያውን እንዲያትም ደንበኛውን ይጋብዝ። በእውነት የተበላሸ ማተሚያ ካለ መለኪያው ያጋልጠዋልና ዕቃው ያለ ክርክር ይለወጥ። ዕቃው ደኅና ከሆነም ደንበኛው የአባቱን ሥዕል በትክክለኛው ጥቁርና በትክክለኛው ነጭ አትሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ወረቀት ሲያልቅበትም ወደ የት እንደሚሄድ ያውቃል።